ከደጋ ወደ ሰሊጥ ማሳ፦ የወቅታዊ ሠራተኞች ሕይወት በመተማና በሁመራ ቆላ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የሚገኙት መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ምርታቸው ይታወቃሉ። መሬቱ ሰፊ፣ ነዋሪው ግን አነስተኛ በመኾኑ ሥራው በአመዛኙ የሚከናወነው በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎና ከሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ጉልበት ነው። ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የሌላቸው ወይም ያላቸው መሬት ቤተሰብ የማይቀልብላቸው ወጣቶች ናቸው።

የጉልበት ፍላጎቱ በተለይ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ለአጨዳ ነው። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ከጫፉ ስለሚከፈት አጨዳው ጥቂት ቀናት ከዘገየ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በመኾኑም ቅጠሉ ቢጫ መኾን ሲጀምር ታጭዶና በነዶ ታስሮ፣ «ሂላ» በሚባለው ክምር ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። በዚህ ጥድፊያ ወቅት የጉልበት ዋጋ በቀናት ልዩነት ከፍና ዝቅ ይላል።

ክፍያው በቀን ወይም በሄክታር ኮንትራት ይታሰባል። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ በቃል ብቻ ስለሚደረግ በሒሳብ ወቅት አለመግባባት ይነሣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሥራ ውል በጽሑፍ ባይኾንም ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት እንደማያጣ ደንግጓል። መደበኛ የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

ከክፍያው ባሻገር ሠራተኛውን የሚፈትነው በሽታ ነው። ወባ በአጨዳው ወቅት ይበረታል። ካላዛር ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። ዝንቧ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ትጠለላለች፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በሜዳ ወይም በዳስ የሚያድር፣ በሌሊት የሚያጭድ ሠራተኛ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክብደት መቀነስ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ይገድላል።

በሽታው ብዙ ጊዜ ከንክሻው በኋላ ወራት ቆይቶ የሚገለጥ በመኾኑ ሠራተኛው የሚታመመው ወደ ቀየው ከተመለሰ በኋላ ሊኾን ይችላል። በ1997 ዓ.ም በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ሲከሠት በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ወደዚያ የገባውም ከቆላው በተመለሱ ሠራተኞች አማካኝነት ሳይኾን እንዳልቀረ ይታመናል።

ከመተማ ዮሐንስ ባሻገር ያለው የሱዳን ገዳሪፍም ለዓመታት ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞችን ሲቀጥር ቆይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ድንበር ተሻግሮ መሥራት ይበልጥ አደገኛ ኾኗል።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ አጎበር ይዞ ቢሄድ፣ የክፍያውን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን በምስክር ፊት ቢያጽፍ ይጠቀማል። ባለማሳዎችም መኝታ፣ ንጹሕ ውኃና አጎበር ቢያዘጋጁ በአጨዳ መሐል የሚታመምባቸው ሠራተኛ ይቀንሳል። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ቆላ ሠርቶ መምጣቱን ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። የወባ መድኃኒት ካላዛርን አያድንም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በሽታው ይድናል።