ጠገራ ብር፦ ገንዘብም ሚዛንም

ማርትሬዛን፣ ማለትም ጠገራ ብርን፣ ዘወትር የምናነሣው በገንዘብነቱ ነው፤ ሚዛንነቱ ግን ተረስቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን በነበሩት ገበያዎቻችን፣ በአንዱ የሚዛን ሳህን ላይ ጠገራ ብር ተቀምጦ በሌላው ሳህን ወርቅ ወይም ዝባድ ሲስተካከል፣ ክብደቱ «አንድ ወቄት» ይባል ነበር። ወቄት ከሞላ ጎደል የአንድ ጠገራ ክብደት ነውና፤ ይኸውም 28 ግራም ገደማ ነው።

ለዚህ ክብደት ዋስ የሆነው በብሩ ላይ የተቀረጸው ምልክት ነበር። ተቀባዩ ብሩን አገላብጦ ይመረምራል፦ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉት እንቁዎች ጎልተው ይታያሉን? የትከሻዋ ጌጥ አልተፋቀምን? ከምስሏ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት ፊደላት በቦታቸው አሉን? ፊደላቱ በጉንዝቡርግ የገንዘብ መቅረጫ ቤት ያገለግሉ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው።

ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ዐረፈች። ሆኖም ገበያው የሚያምነው ያንኑ መልክ ስለ ነበር፣ ቪየና፣ ቆይተውም በ1930ዎቹ ሮምና ለንደን፣ 1780 የሚለውን ዓመት ሳይለውጡ መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ዐፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስቀርጹም፣ መልኩን ለወጡ እንጂ ክብደቱን አልለወጡም። አዲሱ ብር በሚዛን ላይ ከአሮጌው ጋር እኩል ካልቆመ ማን ይቀበለዋል?

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚደንቀው የጠርዙ ነው። በዙሪያው «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ቃል ተቀርጿል፤ የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነው። ሥራው ግን ጌጥ መሆን ብቻ አልነበረም። ብሩን ሸርፎ ሊሰርቅ የሚሻ ሰው ጠርዙን በሞረድ ሲነካው ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል፤ ስርቆቱም ይጋለጣል። ላቲን የማያነብ ገበያተኛ እንኳ በጣቱ ዳስሶ ሊያውቀው ይችል ነበር።

የጠርዙ ፍትሕ ግን ከወቄት አልፎ አልዘለቀም። ከወቄት በላይ ነጥር አለ፤ የነጥር ወቄት ቁጥር ደግሞ እንደየገበያውና እንደየሸቀጡ ይለያይ ነበር። ስለዚህ ወቄቱን መሸረፍ ያልቻለ ነጋዴ ነጥሩን በቁጥር ሊሸርፈው ይችላል። ገበሬው ሰሙን በከባዱ ነጥር አስረክቦ ጥጡን በቀላሉ ነጥር ቢቀበል፣ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ብር አንዳች እንከን አይገኝበትም፤ ገበሬው ግን ተበድሏል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለምን?

እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ብር ከመገበያያነት ተነሣ። ወቄት የሚለው ቃል ግን ከአንደበታችን አልጠፋም። እንግዲህ ከአያቶቹ ሣጥን ጠገራ ብር ያገኘ ሰው የንግሥቲቱን ፊት ብቻ አይቶ አይመልሰው፤ ጠርዙንም በጣቱ ይዳስሰው። ፊደላቱ ካልጠፉ፣ ያ ብር ያለፈባቸው እጆች ሁሉ ቢያንስ በዚህ በኩል ታምነዋል።