ድንጋዩ፣ ጉሙና ፎቶግራፉ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጨንቻ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ትቶ ወደ ጋሞ ደጋ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ በብርድ፣ ግልጹ አድማስ በጉም ይተካበታል። በዚያ ጉም ውስጥ አንድ አሮጌ ድንጋይ ከሣር ሜዳ ላይ ድንገት ብቅ ሲል የሚያሳድረው ስሜት ከባድ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ጎጆው፣ የእንሰት ተክሉ፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ በጉሙ ተውጠዋል፤ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው። ሥዕሉ ያምራል። ሆኖም መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ያ የተዋጠው ሁሉ የድንጋዩ ታሪክ አካል ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው ከካሜራ ይቀድማል። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አክሱምን ጎብኝቶ ሐውልቱን በሥዕል አቅርቧል። ሥዕል የተማረው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. እዚያው ሲደርስ የብሩስን ሥዕል ትክክለኛነት ነቅፎ የራሱን ነደፈ። ይሁን እንጂ የሶልትም ሥዕል፣ ሐውልቱን ከታላቁ ዛፍና ከሰፊው ሰማይ ጋር አስማምቶ፣ የዘመኑ አውሮፓዊ አንባቢ ከፍርስራሽ የሚጠብቀውን ትካዜ የሚቀሰቅስ ነበር። ስለዚህ የጥንት ድንጋዮቻችን ገጽታ ለዓለም የተገለጠው ከመጀመሪያው አንሥቶ በልኬትና በስሜት መካከል ቆሞ ነው።

ቀጥሎ ካሜራ መጣ። በ1893 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ቤንት አክሱምን ሲጎበኝ ፎቶግራፍ የምታነሣው ባለቤቱ ሜብል ነበረች። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ደግሞ ዳንኤል ክሬንከርንና ቴዎዶር ፎን ሉፕከን የመሳሰሉ የሕንፃ ባለሙያዎችን ይዞ መጣ፤ የካሜራውም ሥራ በዋናነት የፎን ሉፕከ ነበር። የሥራው ውጤት በ1913 እ.ኤ.አ. በአራት ጥራዝ ታተመ። የዚያ ዘመን የመስታወት ፊልም ለሰማያዊ ቀለም እጅግ ስሜታዊ፣ ለቀይ ግን ደካማ ስለ ነበረ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነጭ ሆኖ ይታተም ነበር። በአውሮፓ ጉስታቭ ለ ግሬን የመሳሰሉ ሰዎች ከ1850ዎቹ ጀምሮ ደመናውን ከአንድ ፊልም፣ ምድሩን ከሌላው ወስደው በአንድ ወረቀት ላይ በማተም ጉድለቱን ሸፍነውታል። ዛሬ በኮምፒዩተር ሰማይ የሚለውጥ ወጣት አዲስ ነገር የፈጠረ ከመሰለው ተሳስቷል። በአክሱም የተነሡት ሥዕሎች ዋጋ ግን ከደመና የመጣ አይደለም። በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮማ የተወሰደው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከለው ሐውልት፣ ከመወሰዱ በፊት በገዛ መሬቱ ላይ ተሰባብሮ ተጋድሞ እንደ ነበር የሚመሰክሩ መሆናቸው ነው።

ወደ ደቡብ ስንመለስ፣ የትክል ድንጋዮቹን ሥዕል በስፋት ያሰራጩት አባ አዛይስና ሮዤ ሻምባር በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንዲሁም በአዶልፍ የንሰን መሪነት በ1934 እና በ1935 እ.ኤ.አ. የተጓዘው የፍሮቤኒዩስ ቡድን ናቸው። በሶዶ ምድር የሚገኘው ጢያ፣ 32 የተቀረጹ ትክል ድንጋዮችን ጨምሮ 36 ሐውልቶች ያሉበት ሲሆን በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011፣ የጌዴኦው ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል።

በጢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጎራዴ ለማየት የሚሻ ፎቶግራፍ አንሺ ብርሃንን እንደ ፊደል ማንበብ አለበት። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቀው አገራችን የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ቅርጹን ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ጥልቀት የሌለው ጭረት እንኳ ጥላ ይጥላል። ጉም ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የድንጋዩን ቁመና አጉልቶ ጽሕፈቱን ይሰውራል። እንግዲህ ባለሙያው ቁመናን ወይስ ምልክትን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥግን ማጥቆር፣ በቀይ ማጣሪያ ሰማይን ማክበድ የተለመደ ጥበብ ነው፤ በዓይን የታየውን ያጎላል እንጂ አይክድም። ያልነበረ ደመና መጨመር፣ ጎረቤቱን ጎጆ መፋቅ፣ የወደቀውን ድንጋይ ማቆም ግን ከጥበብ ወደ ሐሰት ምስክርነት መሻገር ነው።

ይህ በጋሞ ምድር ይበልጥ ይገለጣል። የጋሞ ሕዝብ ጉባኤ የሚቀመጥበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። በዚያ ያለ ድንጋይ ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ወግ የሚጸናበት ስፍራ አካል ነው። በጉም ብቻውን አንሥቶ «የተረሳ ሥልጣኔ ፍርስራሽ» ብሎ የሚሰይም ሰው፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ቀብሯቸዋል። በሞታ ዋሻ የድንጋይ ክምር ሥር የተገኘው፣ 4500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረውና የዘር ውርሱ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው አፅም እንኳ «ባይራ» የተባለው በሕዝቡ ቋንቋ ነው፤ ታላቅ፣ በኩር ማለት ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢው ጋሞዎችን ጨምሮ ሰላማዊ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አቆሟቸው። ያ ትዕይንት በፎቶግራፍ በመላ አገሪቱ ታየ። ያልተዋበ፣ በተራ ብርሃን የተነሣ ሥዕል ነበር። ነገር ግን ዱቡሻ ምን እንደሚያስተምር ከሺህ የጉም ድንጋዮች ይልቅ የተናገረው እርሱ ነው። ድንጋዩ የቆመው እነዚያን አባቶች ለማፍራት ነበርና።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ትክል ድንጋይ ሲወጣ፣ ሠዓሊውም ካሜራውን ሲያነሣ፣ ከውበቱ ጋር ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆመበትን አቅጣጫ ይመዝግብ፤ ቁመቱ እንዲታወቅ በድንጋዩ ጎን መለኪያ ዘንግ ወይም ፈቃዱን የሰጠ ሰው ያቁም፤ ያልተነካውን የመጀመሪያ ሥዕል ያስቀምጥ። ጉሙን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቆ ሁለተኛ ሥዕል ማንሣት ግን ግዴታ ነው፤ በዚያኛው ሥዕል ላይ ጎጆው፣ እንሰቱና ልጁ ይታያሉና።