የሰንበቴ ጆንያና የ1930ው ክር

በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ከጨፋ ሸለቆ የወጣው ማሽላና ማሾ የሚሸከፈው በፖሊፕሮፒሊን ጆንያ ነው። ከብቱ የሚታሰርበት የናይለን ገመድም ቢሆን የጠፍርንና የቃጫን ሥራ ከወረሰ ቆይቷል።

የናይለኑ ምንጭ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ጎማን የመሰሉ ነገሮች እጅግ ረጃጅም ከሆኑ ሞለኪውሎች የተሠሩ ናቸው ሲል ብዙ ባልደረቦቹ አላመኑትም። የዱፖንቱ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ ግን አመነና ሰንሰለቱን ራሱ ለመቀጠል ተነሣ። የሚሠራው ፖሊስተር ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ6,000 አልዘል ብሎ አስቸገረው፤ ሞለኪውሎቹ ሲገጣጠሙ የሚወጣው ውሃ ቅጥሉን ይገታው ነበር። ውሃውን በቫክዩም መምጠጥ ሲጀምሩ ክብደቱ 10,000ን ተሻገረ። በ1930 ሚያዝያ ባልደረባው ጁሊያን ሂል ከቅላጩ ላይ ክር መዘዘ። እኔን የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ የቀዘቀዘውን ክር ሲስበው ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ረዘመ፣ በረዘመም ቁጥር ጠነከረ።

ምክንያቱ ለጨፋ ሣር አጫጅ እንግዳ አይሆንበትም። ከአጭር ሣር የተገመደ ገመድ ሲሳብ ይተረተራል፤ የረጅሙ ይይዛል። አጫጭር ሞለኪውሎችም ተንሸራተው ይለያያሉ፤ ረጃጅሞቹ ግን ስለተጠላለፉ አይለቃቀቁም፣ ወደሚሳቡበትም አቅጣጫ ይሰለፋሉ።

ከከሚሴ በስተሰሜን፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚፈትለው ጥጥ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሰንሰለቱን ተክሉ ራሱ አርዝሞ ይሰጠዋል። ይኸው የተክል ሰንሰለት፣ ሴሉሎስ፣ ተሟሙቶ ቪስኮስ የተባለው ክር ሲሆን ግን በጣም ያጥራል፤ ጨርቁም፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ይደክማል።

ታዲያ ፋብሪካዎች ለምን ያለ ልክ አያስረዝሙትም? ሰንሰለቱ እጥፍ ሲረዝም ቅላጩ ዐሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል፤ ክሩ በሚወጣበት ወንፊት ጠባብ ቀዳዳ አላልፍ ይላል። ስለዚህ የልብስ ፖሊስተር ሞለኪውላዊ ክብደት 20,000 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ለመኪና ጎማ የሚገባው ክር ከዚያ ይበልጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኔዘርላንድሱ ዲኤስኤም ተመራማሪዎች ፖል ስሚዝና ፒት ሌምስትራ ሚሊዮን የሚያልፍ ክብደት ያለውን ፖሊኢትሊን ከማቅለጥ ይልቅ በማሟሚያ አላልተው ፈተሉት። የጄሪካናችን የቅርብ ዘመድ፣ ኪሎ በኪሎ ሲመዘን፣ ከብረት የጠነከረ ክር ወጣው።

በቆላው ጨፋ የጆንያ ጠላት ፀሐይ ናት። ጨረሯ የፖሊፕሮፒሊኑን ሰንሰለት ይበጣጥሳል፤ ጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ጆንያ ውጭ ከዋለ በወራት ውስጥ ተሰባብሮ ይረግፋል። እህሉን ደጅ የሚከምር ገበሬ ጆንያውን ጥላ ሥር ያኑር፤ ጥላ ካጣም ሸራ ያልብሰው።