የንጎሯ ልጅ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ዛሬ የባሕር ወሬ ነው የማወራችሁ።

የአፍሪካ ምድር ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ በሚያልቅበት ጫፍ፣ እዚያ ሴኔጋል፣ ዳካር ከተማ ውስጥ፣ ንጎር የሚባል ሰፈር አለ። ነባሮቹ ሌቡዎች ናቸው፤ ባሕሩ ጓዳቸው የሆነ ዓሣ አጥማጆች። ማዕበሉ ሰርፊንግ ለሚወዱ፣ በሰሌዳ ማዕበል ለሚጋልቡ ማለቴ ነው፣ የታወቀ ነው። አሜሪካኖች በ1960ዎቹ መጥተው ጋልበውበት፣ ፊልም ቀርጸውበት ሄደዋል። የሰፈሩ ሴት ልጅ ግን ዳር ቆማ ታይ ነበር።

ኻጁ ሳምቤ ዳር መቆሙን እምቢ አለች። ያኔ ዕድሜዋ 14 ገደማ ነበር። ውኃው ላይ እሷን የምትመስል ሴት አይታ አታውቅም።

ሰርፊንግ ደግሞ አብዛኛው ልፋቱ በደረት ተኝቶ በክንድ መቅዘፍ ነው። ማዕበሉ ከኋላ ሲደርስ በቅጽበት ብድግ ማለት ያስፈልጋል። ትንሽ የዘገየች ጀማሪ የሰሌዳው አፍንጫ ውኃ ውስጥ ይተከልና ትገለበጣለች፤ ጨው ውኃ ትጠጣለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በታሰረው ገመድ ሰሌዳዋን ጎትታ እንደገና ትቀዝፋለች።

የባሕሩስ ባልከፋ። ወላጆቿ ቤተሰቡን ታሳፍራለች ብለው ሁለት ዓመት ተኩል ከለከሏት። ባሕር ሰው እንደሚወስድ ከሌቡ በላይ ማን ያውቃል? እነሱ የፈሩት ግን የሰው አፍ ነበር። አልተወችም፤ በመጨረሻ እነሱ ለዘቡ።

አጋር የመጣላት ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ሮንዳ ሃርፐር የምትባል አሜሪካዊት ‹ብላክ ገርልስ ሰርፍ› የሚል ድርጅት መሥርታ ጥቁር ልጃገረዶችን ታሠለጥናለች። ኻጁ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዳ ከእሷ ጋር ሠለጠነች፤ የሴኔጋል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ሰርፈር ለመባልም በቃች። የቶኪዮን ኦሎምፒክ አልማ ነበር፤ ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት በዚያ ውድድር ግን ሴኔጋላዊት አልተሳተፈችም።

እሷ ግን ከዚያ በፊት ንጎር ተመልሳ ጀማሪ ልጃገረዶችን ማሠልጠን ይዛ ነበር። ለጀማሪ ደግሞ ዋናው ነገር ጓደኛ ነው። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ፣ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ የሚጠበቀው ጊዜ ረጅም ነው፤ ፍርሃት የሚያድገውም ያኔ ነው። አጠገቧ «ይቺ ያንቺ ናት፣ ሂጂ!» የምትላት ያለቻት ልጅ ትሄዳለች።

ሜዳልያ አላመጣችም ብሎ የሚያንኳስሳት ካለ፣ ንጎር ወርዶ ውኃው ላይ ያሉትን ልጃገረዶች ይይ።