ባሕር የሌለው አገር ልጆችና የክረምት የውሃ ትምህርት

ከፋ የውሃ አገር መሆኑን የሚክድ የለም። ዝናቡ አይለየውም፤ ከደኑ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ብዙ ነው፤ በሰሜን በኩል ከጅማ ጋር የሚያዋስነን ጎጀብም የብዙ ወንዞችን ውሃ ሰብስቦ ይጓዛል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ምን ምን ፍጥረት እንደሚኖር ሊያስረዳ የሚችል ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛም የሚስማማ ይመስለኛል። ስለዚህ ልጆች በዕረፍት ወራት ወደ ውሃ ዳር እየወጡ የሚማሩበት ልማድ በዓለም ላይ እንዴት እንደተጀመረ፥ ለእኛም ምን ጥቅም እንዳለው በአጭሩ ልግለጥ።

እ.ኤ.አ. በ1873 ሉዊ አጋሲ የተባሉ በስዊስ ተወልደው በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የተፈጥሮ ሊቅ፥ ፔኒኪስ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የዕረፍት ወራት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደሴቲቱንና 50,000 ዶላር የሰጧቸው ጆን አንደርሰን የተባሉ ባለጸጋ ነበሩ። የመጡትም ተማሪዎች 50 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ራሳቸው መምህራን ነበሩ። የሊቁ የማስተማር ዘዴ የታወቀ ነው፤ ለአዲስ ተማሪ አንድ ዓሣ ሰጥተው «ተመልከት» ይሉታል፤ ያየውን ሲነግራቸውም «ገና አላየህም፤ ደግመህ ተመልከት» እያሉ ለቀናት ያቆዩታል። ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከፍጥረቱ ከራሱ እንደሚገኝ ያምኑ ነበርና።

አጋሲ በዚያው ዓመት ስለሞቱ ትምህርት ቤቱ ከሁለተኛው ዓመት አላለፈም። አሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1888 ከዚያ ደሴት ብዙ በማይርቀው በዉድስ ሆል መንደር የባሕር ፍጥረታት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። በዚያው መንደር እ.ኤ.አ. በ1913 ለሕፃናት የሚሆን የሳይንስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚህ ዓይነት ትምህርት ልጆቹ ቀን በባሕሩ ዳር ቀንድ አውጣውንና ሸርጣኑን ሲመለከቱ ይውላሉ፤ ማታ ወደ የቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ በብዙ የባሕር ዳር ከተሞች ተስፋፍቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ኢትዮጵያ በቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ በነበረችበት ዘመን የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962ም የእስራኤል ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የሚገኙትን የባሕር ፍጥረታት ለማጥናት መጥተዋል። ለቦንጋ ልጅ ግን ባሕሩ ያን ጊዜም በካርታ ላይ ብቻ የሚታይ ሩቅ ነገር ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም። ታዲያ ባሕር ስለሌለን የውሃ ሳይንስ ይቅርብን እንበልን?

ለዚህ ጥያቄ ዶክተር አክሊሉ ለማ መልስ ሰጥተውናል። እኚህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል የዕድሜውን አንዱን ክፍል የሚያሳልፈው በውሃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወጥቶ ወደ ውሃ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ይዘልቃል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይዘጋል ማለት ነው። በእንዶድ ልብስ ማጠብ የጥንት ልማድ ነው፤ ወንዙን በጥንቃቄ የተመለከተው ግን ዕውቀት አገኘበት። በዚህም ሥራ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

በእኛም አገር የሚታየው ጥቂት አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶች ውስጥ ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ሸርጣን የባሕሩ ሸርጣን ዘመድ ነው። የባሕሩ ሸርጣን ልጆች መጀመሪያ ወላጃቸውን በማይመስል መልክ በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የወንዙ ሸርጣን ልጆች ግን ፈሳሹ ጠርጎ እንዳይወስዳቸው ከእናታቸው ሆድ ሥር ቆይተው መልካቸው ተሟልቶ ይወጣሉ። በጎጀብ ረግረግም በራሱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ላባ ያለው ባለ ረጅም እግር ወፍ ይገኛል። የጎጀብም መንገድ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከኦሞ ጋር ይገናኛል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ከሚሞሉት አንዱ ነው፤ በመጨረሻም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁም መውጫ ስለሌለው ይህ ውሃ ከባሕር ሳይደርስ ይቀራል።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፥ ከ700,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ከነደኑና ከነውሃው አደራ ተሰጥቶናል። ነገር ግን በብዙ የአገራችን ክፍል ረግረጉ በቦይ እየተንጠፈጠፈ እርሻ ሲሆን፥ ባሕር ዛፍም ሲተከልበት ይታያል። ረግረግ ከደረቀ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለበጋ የሚያቆየው ማከማቻ አብሮ ይጠፋል። ስሙን የማያውቀው ነገር ሲጠፋ ደግሞ ማን ያዝናል?

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ሆነን ታናናሾቻችንን ለጥቂት ቀናት ብናስተምር መልካም ነው እላለሁ። ተማሪ ሌላውን ማስተማሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአገልግሎት ደንብ ወደ የጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ አንድ ዓመት ያስተምሩ ነበር። ወላጆች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ቢሰጉ እውነታቸው ነው። የእኛ ዕረፍት ወንዝ በሚሞላበት ወር ነውና። ልጆች ወደ ወንዝ መግባት የለባቸውም፤ መምህሩ ከትንሽ ምንጭ በባልዲ ቀድቶ በነጭ ሳሕን ላይ ቢያፈስላቸው፥ ዙሪያውን ተቀምጠው የእንቁራሪቱን ግልገልና የውሃውን ትል ሊያዩ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ባልዲ፥ ሳሕን፥ ደብተርና እርሳስ የሚገዛ ብቻ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ አጋሲ የጀመሩት በአንድ ዓሣ ነው፤ ዶክተር አክሊሉም በአንድ የልብስ ማጠቢያ ወንዝ። የቦንጋ ልጆችም በደጃፋቸው ካለው ምንጭ ቢጀምሩ፥ ነገ ይህን የውሃ አገር የሚጠብቁ ሊቃውንት ከመካከላቸው እንደሚወጡ አልጠራጠርም።