ከዓባይ ወዲህና ወዲያ፦ ሃይማኖት ያሳደጋቸው ሁለት ጸሐፍት

ከነቀምቴ ተነስቶ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ የጊዳ አያናን ምድር አቋርጦ ዓባይን ይሻገራል። ከወንዙ ወዲህ፣ በነቀምቴ፣ አስቴር ጋኖ አስተምረዋል፤ ከወንዙ ወዲያ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ተወልደዋል። ሁለቱንም ያሳደጋቸው የሃይማኖት ትምህርት ነው። ሁለቱም ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሱ ግን ስብከት አልጻፉም።

አስቴር በባርነት ተሸጠው ወደ የመን ሲጓዙ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከቧን ይዞ ነጻ አወጣቸው። ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ላይ፣ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። በዚያን ጊዜ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እየተረጎሙ ነበር። ኦነሲሞስም በሕፃንነታቸው ለባርነት የተወሰዱ በመሆናቸው የቋንቋው ጓዳ ሁሉ አልተከፈተላቸውም። ያን ጉድለት የሞሉት አስቴር ናቸው።

አስቴር በዚያ አላበቁም። ከእናት ከአባት ቤት ይዘውት የወጡትን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታቸው እያወጡ 500 ያህል ጻፉ። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ገባ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1899 ነው። ሚሲዮኑ ፊደል ያስቆጠራቸው ወንጌልን እንዲያነቡ ነበር፤ እርሳቸው በዚያው ፊደል ባሪያ ፈንጋይ ሊነጥቃቸው ያልቻለውን ሀብት አተረፉበት። እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ ልጆችን አስተማሩ። ስማቸው ከተርጓሚው ስም ኋላ ተሸሽጎ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

የሐዲስ ዓለማየሁ ጉዳይ ሌላ ነው። የቄስ ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ አዲስ አበባ ሲገቡ እርሳቸውም የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ ሆነዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ የተሳሉት ስለትም ነው። ልጁ ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ቃል ገብተዋል፤ እርሱ ደግሞ የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። የስለትን ክብደት በሩቅ የሰማ ደራሲ ይህን ቢጽፍ፣ ስለቱ ለፍቅር ታሪክ ማወሳሰቢያ ብቻ ይሆን ነበር። በሐዲስ እጅ ግን የልጁ ሕሊና ራሱ ነው፤ አንባቢም ማን እንደ በደለ መፍረድ ይቸግረዋል። ሌላው የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣም ሥርዓቱን የሚነቅፈው ከውስጥ ነው፤ የተማረ፣ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ነውና ንግግሩ ያቆስላል። እንዲህ ያለ ነቀፋ ደጀ ሰላም ረግጦ ካላደገ ሰው አይመጣም ብዬ አምናለሁ።

በወለጋ ከተሞች እሑድ እሑድ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል የሚያድጉ፣ ማታ ደግሞ የአያት ተረት የሚሰሙ ልጆች ዛሬም አሉ። የጊዳ አያና ወጣት ሆይ፣ ብዕር ካነሳህ ያደግህበትን መዝሙርም፣ የተጣላኸውን ስብከትም፣ የአያትህን ተረትም አትተው፤ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ጻፈው።