ከለንደን ይልቅ ግሸን

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ስለ ፒያኖ ጨዋታቸው ብዙ ተጻፈ። እኔን ግን ከጣቶቻቸው ይልቅ የሚያስገርመኝ፣ ገና በወጣትነታቸው የተሰበረ ልባቸውን የጠገኑበት መንገድ ነው።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ከእናት ርቀው በዚያ ብርድ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጣሊያን ገባ። ሦስት የቤተሰቡ አባላት ተገደሉ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት፣ ኋላም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተጋዙ።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን አውኮ ወደ አገር ቢመልሳቸውም ተስፋቸው አልተቆረጠም፤ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚያጠኑበት ዕድል ተገኝቶላቸው ነበርና። የመሄጃ ፈቃዱ ግን ተከለከለ።

ግዞትን የቻለ ልብ እዚህ ላይ ዛለ። እህል ውሃ አልቀምስ አሉ። ለ12 ቀናት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆይተው ሆስፒታል ገቡ፤ ሞት የቀረበ ስለመሰለም ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ጠየቁ። ከዚያም ለረጅም ሰዓት ተኙ። ሲነቁ ልባቸው ጸጥ ብሎ ነበር።

ይህን እንደ ተአምር ብቻ የሚተርኩ አሉ። በእምነታቸው አልገባም፤ እህል መተውንም ለማንም መድኃኒት ብዬ አላቀርብም። ግን የዚያች ሌሊት እንቅልፍ የመዳን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አልነበረም። የሆነውን ለማየት ከቤት ወጥተው የሄዱበትን ቦታ ማየት ያሻል፦ ግሸን ማርያም። በወሎ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋችው ያች አምባ የመስከረም 21 ምእመናን ከወረዱ በኋላ ነፋስና ጸሎት ብቻ የሚቀርባት ናት። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያምም ተባሉ። አሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማ፣ ያለ ሙዚቃ ኖሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት የተለማመዱ ጣቶች አሥር ዓመት ሲያርፉ! የለንደንን መከልከል እንደ ግፍ የቆጠረ ሰው ይህን ራሱ በራሱ ላይ የፈረደው ቅጣት ሊለው ይችላል። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ሌላ ሰው የከለከላቸውን ነገር እርሳቸው በፈቃዳቸው ተዉት፤ በፈቃድ የተተወ ነገር ደግሞ አያቆስልም።

እህታቸው ስንዱ በሌላ መንገድ ሄዱ። ጻፉ፣ ትምህርት ቤት መሩ፣ በመጨረሻም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ግዞት፣ ሁለት ዓይነት ፈውስ። አንዷ ወደ አደባባይ፣ ሌላዋ ወደ ውስጥ።

እማሆይ ከግሸን ወርደው እናታቸው ቤት ሲገቡ ፒያኖው ተመለሰ። ቀጥሎ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር ሄዱ። እዚያ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ለምነው የሚማሩ፣ ሌሊት ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ሄደው ሸክላ ያሳተሙት ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ብለው ነው።

ያንን ጨዋታ የሰማ ሰው እንግዳ ነገር ያስተውላል። ግራ እጅ የአውሮፓን ዋልስ ይዞ ሲሄድ ቀኝ እጅ በአገራችን ቅኝት ይንቀሳቀሳል፤ ምቱ ይዘገያል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ይፈጥናል፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። ስዊዘርላንድም ካይሮም ያሬድም አሉበት። ለንደን ደርሰው ቢሆን ኖሮ ጥሩ የሾፐን ተጫዋች እናገኝ ነበር ይሆናል፤ ይህን ሙዚቃ ግን ማግኘታችንን እጠራጠራለሁ።

እናታቸው ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮጲክስ» የተሰኘው የሲዲ ተከታታይ 21ኛ ቅጹን ለእርሳቸው ሲሰጥ፣ ዓለም በሰማንያ ዓመት አዛውንት ተደነቀ። እርሳቸው በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋቸው አጠገብ በቆመው ፒያኖ፣ ሲችሉ ይጫወቱ ነበር።